እናት ላለው ቀይ

መስቀሉን ኮረብታው ላይ ያወጣነው በልብስ ማጠቢያ ጋሪ አስተኝተን ነው። ከፊት እኔ እጎትታለሁ፤ ከኋላ አክስቴ ዶኛ ሉሚ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሌላው ይገፋሉ። ከእሳቸው ኋላ የምንኖርበት ሕንፃ ሴቶች አበባ በባልዲ፣ ሻማ በካርቶን፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምግብ በድስት ይዘው ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ ዶን ታቾ ናቸው፤ ትንሿን ጊታራቸውን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው በየመብራት ምሰሶው ሥር እየቆሙ ይተነፍሳሉ።

«ኔሬይዳ፣ ቀስ በይ። ጌታችንን ታንገጫግጪዋለሽ።»

«እንጨት ነው፣ አክስቴ።»

«አንቺም ሥጋ ነሽ። ስትወለጂ ግን ቀስ ብለን ነው የያዝንሽ።»

ይህ ሁሉ ሰልፍ በእኔ የተነሳ ነው። በግንቦት ለመስቀሉ ዘጠኝ ምሽት እንዘምራለን። የምሽቱ ተረኛ በመጨረሻ ከእንግዶቹ የአንዱ ደረት ላይ ቀይ ጥብጣብ ይሰካል፤ የተሰካለት ሰው የነገውን ምሽት ተቀበለ ማለት ነው፤ ቤቱን ይከፍታል፣ ያበላል፣ ዘማሪ ይጠራል። ለቀሩት ሁሉ ነጭ ይሰካላቸዋል፤ ነጩ ማስታወሻ ብቻ ነው። ቀዩ ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ ዘጠኙን ምሽት ከዞረ ስለቱ ሰመረ፤ ከተቋረጠ ቀረ። የዶኛ ሉሚ ስለት ልጃቸው ዊልፍሬዶ ከቬትናም በሁለት እግሩ እንዲመለስላቸው ነው። እኔ ኮሌጁን በተቃውሞ ከያዙት ልጆች ጋር ከተዘጋሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር። ቤት አልመጣ ስላቸው፣ በዋዜማው ማታ ቀዩን ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፌ ላይ ሰኩትና ስልክ ደወሉልኝ።

«ነገ ያንቺ ምሽት ነው» አሉኝ። «አልመጣም ካልሽ እኛ እንመጣለን።»

መጡ። እኔም ጋሪውን ልቀበል ብቻ ከግቢ ወጣሁ።

ቅዳሜ ነበር። ፀሐይዋ ወንዙ ላይ ልትወርድ ስትል አየሩ ሮዝ ሆነ፤ የኮሌጁ የቼሪ ዛፎች ደግሞ አበባቸውን ማራገፍ ጀምረው ስለነበር ዳገቱ በሙሉ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ለቀናት በቅጡ ስላልተኛሁ መንገዱ ከእግሬ ሥር ይለሰልስብኝ ነበር። ከማዶ ፖሊሶቹ መኪናቸውን ተደግፈው ሳንድዊች ይበላሉ። ጋሪው በአጠገባቸው ሲያልፍ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ቆቡን አወለቀ፤ ጓደኛው በክርኑ ሲጎሽመው መልሶ አደረገው።

በሩ ላይ ቨርነል ተረኛ ነበረች። አፍሮዋ ከፍርግርጉ ክፍተት አያልፍም፤ ሰው ስታነጋግር ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ነው።

«ሬሳ ነው?» አለችኝ ጋሪውን አይታ።

«መስቀል ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። እስካሁን።»

ሰንሰለቱን ፈታችው። «ከላይ ድምፅ እየሰጡ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺ ለምን አልገባሽም?»

«የጥቁሮቹ ኮሚቴ ዘጠኝ ወንድሞች ናቸው፣ እህቴ። ለእህቶች ሰንሰለቱን በአደራ ሰጥተውናል።» ቁልፉን በጣቷ አሽከረከረችው። «ነገ ደግሞ የእናቶች ቀን ነው። እዚህ ቆሜ ብረት ስጠብቅ እናቴ ይቅር የምትለኝ ይመስልሻል?»

ድምፅ የሚሰጡበት ነገር ከቀትር በኋላ በዚሁ ፍርግርግ በኩል የገባ ነው። ምክትል ዲኑ በሰው ልከው እንዲህ አሉ፦ ለጥቁሮች ታሪክ የራሱ ትምህርት ክፍል በመስከረም ይከፈታል፤ ስድስት መምህራን ይቀጠራሉ። የፖርቶ ሪኮ ልጆች ጥያቄ ወደፊት ይጠናል። ይህ የሚሆነው ጥቁሮቹ ተማሪዎች እስከ ነገ እኩለ ቀን ሕንፃውን ለቀው ከወጡ ነው። ከወጡ እኛ አርባ የማንሞላ ሰዎች እንቀራለን፤ ፖሊሶቹ ሳንድዊቻቸውን ሳይጨርሱ ይጨርሱናል። ለዚህ ነበር ልቤ መስቀሉ ጋ ያልነበረው።

የያዝነው የሙዚቃውን ሕንፃ ነው። የመረጠው ኤፍራይን ካራባዮ ነበር፤ አንድ መግቢያ ብቻ ስላለው ለመጠበቅ ይመቻል ብሎ። ያላሰበበት በየክፍሉ ፒያኖ መኖሩን ነው። ስለዚህ ሕንፃው ዝም ያለበት ሰዓት አልነበረም። ሰው ሲነቃ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሌላ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁልፎቹን ቀስ እያለ ይነካካል፤ እንቅልፉ የት እንዳለቀና ሙዚቃው የት እንደጀመረ አይለይም። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈናል፦ «የጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ልጆች ትምህርት ቤት። የተመሠረተው በ1969።» የኮሌጁ ስም ከላይ በድንጋይ ተቀርጿል፤ የእኛው በፕላስተር ተይዟል።

ቀልድ ግን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በፒያኖ ክፍሎቹ ውስጥ እናስተምር ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት ያሰናዳነው እኔና የጥቁሮቹ ተማሪዎች መሪ ሮስኮ ጋድሰን ነን፤ ስሙ «የሩዝና የሸንኮራ ታሪክ» ነው። የእሱ ቅድመ አያቶች በካሮላይና ረግረግ ሩዝ ያበቀሉ ናቸው። የእኔ አያት በደሴታችን ሸንኮራ ሲቆርጥ ሁለት ጣቱን እዚያው ትቶ መጥቷል። ካርታ ዘርግተን መርከቦቹን ስናሰምር የሁለታችን መስመሮች ባሕሩ መሃል ላይ ተገናኙ። ወረቀቱን ስቴንስል ላይ መትተን ስናባዛ እጃችን ለቀናት ወይን ጠጅ ሆኖ ሰነበተ። ሁለት ዓመት እዚህ ኮሌጅ ስማር ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም። የተናደድኩትም ለዚያ ነው። ለባንዲራ ብዬ አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ ኤፍራይን ጠበቀን። ቤሬት ቆቡን ግንባሩ ላይ ጎትቶ እጆቹን አጣምሯል። የእኛ የፖርቶ ሪኮ ልጆች መሪ ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ያደግነው።

«ሕንፃ የያዝነው ቤተ ክርስቲያን ልንከፍትበት ነው?»

«አልተስማማህም?» አልኩት። «እሳቸውን አስወጣቸው እንግዲህ። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ዶኛ ሉሚን አያቸው። ዶኛ ሉሚ እንዳላዩት ሆነው ባልዲውን አስጨበጡት። አበባውን ይዞ ቆመ።

መስቀሉ በዘጠኝ ደረጃ አናት ላይ መቆም አለበት። በየዓመቱ በብርቱካን ሣጥን ነበር የምንሠራው። እዚህ ግን መዘምራን የሚቆሙበት የእንጨት ደረጃ ነበረ፤ ሴቶቹ ሲያዩት እንደ ልጆች ሳቁ። ነጭ አንሶላ አለበሱት፣ ሻማ በየደረጃው ደረደሩ፣ ዶን ታቾ ክራር የመሰለችውን ትንሽ ጊታራቸውን ቃኙ። ከዚያ ተጀመረ።

እኔ አላምንም። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ። ግን ያ ምሽት ከሌሎቹ ይለያል። በመስኮቶቹ የቼሪ አበባ እየገባ ሻማው ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል። ፍራሽ ላይ ተኝተው የነበሩ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል እንዳደረጉ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጥቁሮቹም የእኛዎቹም፤ ዓይናቸውን እያሹ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ስለ ግንቦትና ስለ ድንግል ማርያም ይዘምራሉ፤ ግጥሙን የማያውቁት መጨረሻ መጨረሻውን ይቀበላሉ። ከዚያ የሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የፒያኖውን ወፍራም ድምፆች መምታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ የእሁድ ቤተ ክርስቲያን ምት እየሰጠ፣ ከጊታሯ ሥር ገባ። ዶን ታቾ ዓይናቸውን ከደኑ። የማን እጅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለትንሽ ጊዜ ሕንፃው ከኮረብታው ተነቅሎ በወንዙ ላይ የሚሄድ መሰለኝ፤ እኛም ተሳፋሪዎች። ራሴን ቆነጠጥኩ።

የላይኛው በር ተከፈተ። ዘጠኙ ወረዱ።

ሮስኮ መጨረሻ ላይ ነበር። ረጅም ነው፤ በወታደር ጃኬቱ ሥር ሁልጊዜ ክራባት ያስራል፤ እናቱ ያለ ክራባት ኮሌጅ አይኬድም ስላሉት። በሌላ ቀን ሲያየኝ ቅንድቡን ያነሳል። አሁን አላነሳም። ግድግዳው ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል። መዝሙሩ እስኪያልቅ በአክብሮት ይጠብቃል፤ ከዚያ ሊናገር ነው። ምን ሊናገር እንደሆነ ከጫማው አነበብኩ።

መዝሙሩ አለቀ። ምሽቱ በእኔ ስም ቢሆንም ጥብጣቡን እንዲሰኩ ለአክስቴ ተውኩላቸው። ዶኛ ሉሚ ነጮቹን በቅርጫት፣ ቀዩን በእጃቸው ይዘው ተነሡ። መጀመሪያ ወደ ኤፍራይን ሄዱ። ሁሉም የጠበቀው ነው፤ የቤቱ አለቃ እሱ ነውና። ኤፍራይን እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ።

«ልጄ» አሉት።

«የእናቴ ስለት ምን ሆነ፣ ዶኛ ሉሚ?» አለ ቀስ ብሎ። እሳቸውና እኔ ብቻ ሰማን። እናቱ በልጅነቱ ስትታመም ዘጠኙንም ምሽት ያዘመረችው እዚያው ሕንፃችን ግቢ ውስጥ ነበር። ሞተች። አክስቴ ደረቱን ነካ አድርገው አለፉ፤ ነጩንም አልሰኩለትም።

ከዚያ ቅርጫቱን ይዘው ዞሩ። ለቨርነል ነጭ፣ ለኮሚቴው ወንድሞች ነጭ፣ ፍራሹ ላይ ለተቀመጡት ሁሉ ነጭ። ቀዩ ጣቶቻቸው መካከል እንዳለ ነው። ከሕንፃችን ሴቶች አንዷ ምድጃ ላይ ያለ ድስት ትዝ አላት፣ ሌላዋ የጫማዋን ማሰሪያ ጎንበስ ብላ ያዘች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ ቀዩ ሲመጣ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ሮስኮ ጋ ደረሱ። ተንጠራርተው ነጩን ወደ ደረቱ ሲያስጠጉ ሮስኮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለ። «ነጭ ማድረግ አልችልም። እናቴ በሕይወት አለች።»

ልተረጉም አፌን ስከፍት ጣቱን ወደ ቀዩ ዘረጋ።

እነዚያ ሴቶች በዕድሜያቸው ከቀዩ የሸሸ እንጂ ቀዩን የጠየቀ ሰው አይተው አያውቁም። ዶኛ ሉሚ ጣቱን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ከዚያ ቀዩን ጃኬቱ ላይ ሰኩለት፤ ጎንበስ እንዲል ጎትተው ግንባሩን ሳሙት። ጭብጨባው ሲፈነዳ ሮስኮ ፈገግ ብሎ ዙሪያውን አየ። ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ይህን ያህል ለምን እንደሚያጨበጭቡ ግራ ገብቶት ነበር።

ክንዱን ይዤ ወደ ፎቁ ደረጃ ወሰድኩት።

«ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?»

«ነገ የእናቶች ቀን ነው፣ እህቴ። እናቱ ያለችለት ቀይ ያደርጋል፣ የሞተችበት ነጭ። አክስትሽ ነጭ ሊሰኩልኝ ነበር። እናቴ አሁን ትመጣለች፤ ደረቴ ላይ ነጭ ብታይ በቁሜ ቀበርከኝ ነው የምትለኝ።»

«እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። አላለሳለስኩለትም። የነገው ምሽት የእሱ እንደሆነ፣ ከተቋረጠ ስለቱ እንደሚቀር፣ ዊልፍሬዶ የት እንዳለ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ወረደ።

«ነገ ማታ?»

«ነገ ማታ። እዚህ አዳራሽ።»

«ነገ ማታ እዚህ አንሆንም» አለ።

«እነማን?»

ወደ ላይኛው በር አየ።

«ስንት ለስንት ነው?»

«አምስት ለአራት።»

«አምስተኛው አንተ ነህ።»

ክራባቱን አላላ። «ስሚኝ። የኔ ሰዎች ከዚህ ኮረብታ ሥር ሰፈር ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ይህን ሕንፃ ሲጠርጉ ነው የኖሩት። ስድስት መምህራን ሰጡኝ። ስድስት። አልፈልግም ብዬ ልመለስና ፖሊስ ሁላችንንም ቢያወጣን፣ ለማን ነው ተባብረን ተሸነፍን የምለው?»

«የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ላይ መርከቧ ከወደብ ትነሳለች» አልኩት። «አንተ ራስህ ነህ የጻፍከው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የት ታደርሳታለህ? የኛን ደሴት ካርታው ላይ ካጠፋህ ባሕር ላይ ልታቆማት ነው?»

«ኔሬይዳ፣ ደክሞኛል።»

«ሁላችንም ደክሞናል።»

«እሺ፣ ጥብጣቡን አንቺ መልሺላቸው። አላወቀም በያቸው።»

«አንተ የወሰድከውን አንተ መልስ። እኔ እተረጉማለሁ።»

ወረደ። ዶኛ ሉሚ የፈሰሰ የሻማ ሰም ከመስቀሉ ደረጃ ላይ በጥፍራቸው እየፋቁ ነበር። ሲያዩት ተነሡና እጁን ያዙት፤ ስሙን በሙሉ ጠይቂልኝ አሉኝ፤ የነገው ተረኛ ስም በመዝሙሩ መጀመሪያ ይጠራል። ሮስኮ አንድ እጁ ተይዞ፣ ሌላኛው እጁ መርፌው ላይ ሆኖ ቆመ። በዚህ መካከል ነው ሚስስ ጋድሰን የገቡት።

እናቱ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራሉ፤ ቅዳሜም አይቀርላቸውም። በቤተ ክርስቲያናቸው ግን የአስተናጋጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ አረማመዳቸው ሁልጊዜ የሁለተኛው ሹመት ነው። የተጠበሰ ዓሣ በፎጣ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ አለ። የልጃቸውን ደረት አይተው ቆሙ፣ ፊታቸው በራ።

«አንድ ቀን ቀደምክ» አሉት። «ግን ወድጄዋለሁ።»

ከዚያ ቀና አሉ። አዳራሹን አዩ። ፍራሽ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ መስኮት ላይ የተቀመጡትን ልጆች በሙሉ፤ በእያንዳንዱ ደረት ላይ ነጭ። ዓሣውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«አምላኬ» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ ሁሉ ልጅ እናት የለውም?»

ቨርነል ናት ቀድማ የሳቀችው። እኔ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ነጩን፣ ቀዩን፣ ጣቱን። ሚስስ ጋድሰን ፒያኖ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ። ዶኛ ሉሚ ምን እንደሚያስቅ ባያውቁም አብረዋቸው ሳቁ።

«በአፍህ ጠየቅህ?» አሉ ልጃቸውን።

«በጣቴ፣ እማዬ።»

«በጣቱ ጠየቀ።» እንባቸውን ጠረጉ። «የሴትዮዋ ልጅ የት ነው ያልሽኝ?»

«ቬትናም» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ሚስስ ጋድሰን ዶኛ ሉሚን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ዶኛ ሉሚም አዩአቸው። ለዚህ ተርጓሚነቴ አልተፈለገም።

«ነገ ስንት ሰው ይመጣል?» አሉ ሚስስ ጋድሰን።

«እማዬ፣ ነገ እኩለ ቀን ላይ እንወጣለን» አለ ሮስኮ። «ጨርሰናል። ድምፅ ተሰጥቷል።»

«ውጣ። ማን ከለከለህ? ኮሌጁ ያንተ ነው፣ ድምፁም ያንተ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ከሴትዮዋ እጅ የወሰድከውን ግን አሁን መልስላት። ዓይኗን እያየህ። እኔም ልይህ።»

ሮስኮ መርፌው ላይ ያለውን እጁን አላንቀሳቀሰም። ፒያኖው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ እንደገና ጀመረ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ ሮስኮ ዞሮ ደረጃውን ወጣ። ስምንቱን ወንድሞች አንድ በአንድ በስም ሲጠራ፣ በሩም ሲዘጋ ሰማሁ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከበሩ ሥር ድምፅ ይመጣል፤ ቁጣ፣ ጸጥታ፣ እንደገና ቁጣ። «ጥብጣብ?» ብሎ የጮኸ ነበር። ጭንቅላቴን ምሰሶው ላይ አሳረፍኩ። መርከቧን አየኋት፤ ሆዷ ሩዝ የሞላ፣ መርከበኛ የሌላት፣ በአያቴ እርሻ መካከል ሸንኮራውን እየከፈለች ትሄዳለች። አያቴ በጎደለ እጁ ሰላም ይለኛል። ሸንኮራው ከላይዋ ሲገጥም ድምፅ የለውም።

በእግር ተነካሁ። ቨርነል ነበረች። በመስኮቱ ንጋቱ ይታያል።

«ተነሺ። ተገልብጧል።»

«ስንት ለስንት?»

«አምስት ለአራት።» ተቀመጠች። «ለአንድ ቀን ነው የጠየቃቸው። ነገ ማታ ቃል አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ እንደገና ድምፅ እንስጥ አላቸው።»

አንድ ቀን ማለት እኩለ ቀን ማለፍ ነው። እኩለ ቀን አለፈ ማለት ስድስቱ መምህራን ቀሩ ማለት ነው፤ ምናልባትም ሁሉም ነገር። ሮስኮ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ቁርስ ላይ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል፤ ጥብጣቡ ግን ጃኬቱ ላይ ነው።

«አሸነፍሽኝ ብለሽ እንዳታስቢ» አለኝ። «እናቴን ነው የፈራሁት።»

«መርከቧስ?»

ቡናውን ጠጣ። «እሷንም» አለ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ የምክትል ዲኑ ሰው ሰዓቱን እያየ ከማዶ ቆመ። ጋዜጠኞች መጡ። ፖሊሶቹ ሳንድዊቹን ትተው ራስ ቁር አድርገዋል። በሩ ላይ ተራው የኤፍራይን ነበር፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ደረቱ ባዶ ነው።

«በጨርቅ ነው የተረፍነው?» አለኝ ወደ መንገዱ እያየ።

«ገና አልተረፍንም።»

ደወሎች ተደወሉ። ሰውዬው ፍርግርጉን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከውስጥ ሰው እንዲወጣ ይጠብቃል። ከውስጥ ማንም አልወጣም። ከኮረብታው ሥር ግን፣ በሚወድቀው አበባ መካከል፣ ነጭ ነገር እየወጣ መጣ። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ። ቀርቦ ሲታይ ሴቶች ናቸው፤ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ ደረታቸው ላይ የማኅበር ምልክትና ቀይ ወይም ነጭ አበባ፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ድስት በመሃላቸው። ዶኛ ሉሚ ከጎናቸው ጋሪያቸውን ይገፋሉ፤ ውስጡ ሁለት ድስት ተቀምጧል። እሳቸውና ሚስስ ጋድሰን በቋንቋ ሳይግባቡ ስለ ሩዝ ይጨቃጨቃሉ። ሽማግሌው ፖሊስ ዛሬም ራስ ቁሩን አወለቀ፤ ዛሬ ማንም አልጎሸመውም።

ኤፍራይን ሰንሰለቱን ፈታ። ሚስስ ጋድሰን ፊቱ ቆሙ።

«ያዝልኝ፣ ልጄ። ትኩስ ነው።»

ቀይ ሩዝ የሞላ ትልቅ ድስት ነው። በሁለት እጁ ተቀበለው። ሚስስ ጋድሰን ጓንታቸውን አስተካክለው ባዶ ደረቱን አዩ።

«እናትህ አለች?»

«የለችም፣ እማማ።»

ቦርሳቸውን ከፍተው ከአበቦቹ መካከል ነጭ መረጡ። ግንዱን አሳጠሩ። ኤፍራይን እጆቹን ወደ ኋላው ሊያደርግ ሲል ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ድስቱ ግን ከባድ ነበር፣ ሁለቱም እጁ ተይዟል። ቤሬቱ ዓይኑ ላይ እስኪደርስ አንገቱን ደፋ። ሚስስ ጋድሰን አልቸኮሉም። ሰክተው ሲጨርሱ በመዳፋቸው አበባውን መታ መታ አደረጉት።

«ግባ በል» አሉት። «ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

ገባ። ሴቶቹ ተከተሉት። የምክትል ዲኑ ሰው ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ፤ ቨርነልም የኤፍራይንን ቦታ ይዛ፣ የመጨረሻዋ ሴት እንዳለፈች ሰንሰለቱን መልሳ ቆለፈችው።